የሰው አገር መጋረጃ

«አባባ፣ ይውረዱ እንጂ! ወንበሩ የኛ አይደለም፤ ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው?»

አባቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። ወንበር ላይ ቆመው የሆቴሉን መጋረጃ ከዘንጉ እያወለቁ ነው።

«መጠየቅ ያለበትስ ይሄን የሰፋው ሰው ነው። እስቲ እየው፣ ጠርዙ ሙሉውን ተተርትሯል። ይሄ ስፌት ነው? ይሄ ማላገጥ ነው።»

ልጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወንበሩን በሁለት እጁ ይይዛል። መጋረጃው ሲወርድ ክፍሉ ባንዴ ነጭ ይሆናል። ውጭው ጉም ብቻ ነው። ባህር አለ ተብለው ነው የመጡት፤ ከገቡ ጀምሮ ግን ባህሩን በጆሯቸው እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። ከጉሙ ወዲያ ትንፋሹን ይስባል፣ ይመልሳል፤ አንድ ትልቅ ነገር እዚያ ማዶ የተኛ ይመስላል። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ የለም። ታች ግቢው ውስጥ የመዋኛው ወንበሮች ተደራርበው ቆመዋል፣ እነሱም እስከ ግማሻቸው ይታዩና ከዚያ ወዲያ የሉም።

ሙቀቱ ሲመጣ ሰው የሚጋፋበት ከተማ ነው አሉ። በገና ሰሞን ማንም ዝር አይልበትም፤ ስለዚህ ርካሽ ነው። ኤሌክትሪሻን የሆነው ልጃቸው ይህን ሲያገኝ ቲኬቱን ቆርጦ ጨረሰ፣ ለእህቱ የነገራትም ከዚያ በኋላ ነው። «ሰው በገና አባቱን ይዞ ይሰደዳል? አብደሃል እንዴ?» ብላ በስልክ ጮኸችበት። እሱም እቤት ዘመድ አዝማድ ሰብስቦ ከመደገስ ይልቅ ውጭ አገር ደርሶ መምጣት እንደሚቀል ሲያስረዳት አመሸ።

እውነቱ ሌላ ነው። እናታቸው ካረፈች ወዲህ ይሄ የመጀመሪያው ገና ነው፤ አባቱን በበዓል ቀን ከባዶ ወንበሯ ፊት ለፊት ማስቀመጥ ፈርቶ ነው። እሳቸው እሷ ከሄደች ወዲህ ስሟን አልጠሩም፣ አላለቀሱምም። የልብስ ስፌት ሱቃቸውን ቆልፈው ቤት ዋሉ። ለምን ሲባሉ «ዓይኔ ደከመ» ይላሉ፣ ሰዉም ያምናቸዋል። ልጁ ግን ዝምታቸውን ባየ ቁጥር ተከትለዋት እንዳይሄዱ ይፈራል።

አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው መጋረጃውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። ከኮታቸው ኪስ አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ያወጣሉ። ልጁ ይህችን ሳጥን ይዘው መምጣታቸውን አላወቀም ነበር። መርፌ ይመርጣሉ፤ ነጭ ክር በጥርሳቸው ይበጥሳሉ። እናቱ ካረፈች ጀምሮ መርፌ ሲይዙ አይቷቸው አያውቅም፤ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

ግን ክሩን አያስገቡትም። ዓይናቸው ከጠርዙ ሳይነሳ መርፌውንና ክሩን ወደ ቀኝ ይዘረጋሉ።

«እንቺ።»

ልጁ ወደ ቀኝ ያያል፤ ማንም የለም። «እንካ» ለማለት አምልጧቸው አይደለም። እጃቸው የተዘረጋው እዚያ ለተቀመጠች ሴት ነው፣ እንደምትቀበላቸውም አልተጠራጠሩም። «አባባ፣ እኔ ነኝ» ቢል ትጠፋለች። ስለዚህ በእግር ጣቱ ተራምዶ ቀረብ ይልና፣ ድምፁን አጥፍቶ ይቀበላል።

ቀኑን ሙሉ ሽቦ በቱቦ ሲያሾልክ የሚውል ሰው አንዲት ክር ታቅተዋለች። ይስታል። ደግሞ ይስታል። ጫፉን በከንፈሩ አርጥቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞር ሲል፣ እንደምንም ትገባለታለች።

አባቱ ሳያዩ ይቀበላሉ። «ዛሬስ ምነው ዘገየሽ?»

ባህሩ ይተነፍሳል። አንዴ ይወጋሉ፣ ሁለተኛውን ሳይወጉ እጃቸው ይቆማል። ቀና ብለው መጀመሪያ የልጃቸውን ጫማ፣ ቀጥሎ ፊቱን ያያሉ።

«ምን አልኩህ?»

«‹እንቺ› አሉኝ።»

«አንተም ዝም ብለህ ተቀበልክ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ሳቃቸው ይመጣል። ሳቁ ግን መሃል ላይ ይሰበርና ለቅሶ ይሆናል። የሰው አገር መጋረጃ ፊታቸው ላይ አድርገው፣ ምንም ሳያፍሩ፣ ዓመት ሙሉ የቋጠሩትን ያለቅሱታል። ልጁም አጠገባቸው ይቀመጣል፤ የእሱም እንባ ይመጣል፤ አይከለክለውም።

«ዓይኔ አይደለም የደከመው» ይላሉ በመጨረሻ። «ከተጋባን ጀምሮ ክር የምታስገባልኝ እሷ ነበረች። ሱቁን ከፍቼ ማንን ‹እንቺ› ልበል?»

«እኔን ‹እንቺ› ይበሉኝ። ተቀበልኩ አይደል?»

«አንተማ እስክታስገባው ደንበኛው ራቁቱን ይሄዳል» ይላሉ አፍንጫቸውን በመሀረብ እየጠረጉ። መጋረጃውን ይለኩታል። «አንድ ክር አይበቃውም፤ ሌላ መርፌ አዘጋጅ።»

ልጁ የቆርቆሮዋን ሳጥን ወደ ራሱ ይስባል። መርፌዎቹ ባዶ ናቸው፤ አንዷ ግን ጥቁር ክር እንደገባባት ጥግ ላይ ተኝታለች፣ ክሩ ዙሪያዋን ተጠምጥሟል።

«አባባ፣ ይቺ እኮ ክር አላት። ለምን በሷ አልጀመሩም?»

አባቱ መስፋታቸውን አያቆሙም።

«እሷን ተዋት» ይላሉ። «የሷን ክር እናትህ ናት ያስገባችልኝ።»

ልጁ ሌላ መርፌ ያነሳል። ከዚያም የተኛ ሰው እንዳይነቃ በር እንደሚዘጋ ሰው፣ የሳጥኗን ክዳን በቀስታ ይገጥማል።