የከርሞ እምቡጥ

ልብስ ሰፊው በትልቁ መቀስ ከቁጥቋጦው ጫፍ አንድ ዘለላ ቆረጠና ወደሚቀጥለው ዞረ። ከጠዋት ጀምሮ መቀመጫ አጥቷል፤ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል፣ ወንበር ያዛውራል፣ ያዛወረውን መልሶ ያመጣል። ዛሬ ልጁ ትመጣለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን የሚሰማው እናቷ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ስታወራት፣ ከሌላ ክፍል ጆሮውን አቁሞ ነበር።

በሩ አጠገብ ያለውን ቁጥቋጦ የተከለችው እሷ ናት። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም፤ አዲሱ ቅጠል እንደ በርበሬ ቀልቶ ይወጣና ቀስ እያለ አረንጓዴ ይሆናል። ስትተክለው ስለ ተክሉ ብዙ ነገር ለአባቷ ነግራው ነበር፤ እሱ ግን አልሰማም። «ይኼን ሁሉ ተምረሽ አፈር ልትቆፍሪ?» አላት፣ በሰው ፊት። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

አሁን ከየጫፉ ደቃቅ ዶቃ የመሰለ ቡናማ ነገር ተንጠልጥሏል። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ የሰፋ ሰው የተንጠለጠለ ክር ሲያይ እጁ አያስችለውም። ለእሷ ብሎ ሁሉንም በመቀሱ ለቀመውና ራቅ ብሎ ተመለከተው። ደስ አለው።

ሚስቱ ውሃ ልታጠጣ ባልዲ ይዛ ወጣች። መሬቱን አይታ ባልዲውን አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ደረቁን አነሳሁለት።»

«የምን ደረቅ? አበባው እኮ ነው! የከርሞውን እምቡጥ ከአሁኑ ይቋጥራል። ከሌላው ተክል በምን ልለየው ብዬ ልጅህን ስጠይቃት፣ ‹ወራት ሙሉ ተንጠልጥሎ በሚጠብቀው እምቡጥ› አለችኝ። ጊዜው ሲደርስ ወደ ታች የተደፋ ነጭ ደወል ይሆናል።»

አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ከፈተው። ውስጡ ነጭ ነው፤ እጥፍጥፍ ብሎ ተቀምጧል።

«ምን እንበላት?»

«ነፋስ ጣለው እንላለን» አለች፣ እምቡጦቹን በሽርጧ እያፈሰች።

«ነፋስ በመቀስ ነው የሚጥለው?»

ይኼኔ የውጭው በር ተከፈተ። ልጅቷ እናቷን አቅፋ ሳመች። ወደ አባቷ ስትዞር ዓይኗ ቁጥቋጦው ላይ ቀረ።

«ሰሞኑን ነፋሱ...» ብላ ጀመረች እናት።

«እኔ ነኝ» አለ ልብስ ሰፊው። «ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቆረጥኩት።» መቀሱን ከኋላው ሊደብቅ ፈለገና ተወው። «አጠፋሁ፣ ልጄ።»

ይህን ቃል ለማንም ብሎት አያውቅም። ከአፉ ሲወጣ ስለ ቁጥቋጦው ብቻ እንዳልሆነ ለሦስቱም ገባቸው።

ልጅቷ ቁጢጥ ብላ የተቆረጠውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች። ተቆጥታ ብትጮህበት በወደደ።

«አልሞተም» አለች በመጨረሻ። «ግን የከርሞው አበባ ቀረ። እንደገና ቋጥሮ እስኪያብብ ከዓመት በላይ ነው፣ አባዬ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አባዬ ብላው አታውቅም። «እጠብቃለሁ» አለ።

«እንግዲያው እየመጣሁ አየዋለሁ። አንተ ግን እስከዚያ መቀስ እንዳትይዝ።»

እናት ሽርጧን እንደጨበጠች መሃላቸው ቆማ ነበር። ሳታውቀው ለቀቀችው። እምቡጦቹ እግራቸው ሥር ተበተኑ፤ ማንም ሊሰበስባቸው ጎንበስ አላለም።