አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ

«ከቤት መውጣት ባለመቻሌ የታፈንኩ ያህል ይሰማኛል። ፈጽሞ ከሆነ አንድ፣ ሁልጊዜ ከሆነ አምስት፤» ትለኛለች ልጅቷ እስክሪብቶዋን ደግና።

ምራቴን አያታለሁ። ክንዷን አጣጥፋ ከጎኔ ተቀምጣለች። ክፉ አይደለችም፤ ግን እሷ እየሰማች የልጄን ገመና ለእንግዳ አልዘረግፍም።

«አንድ» እላለሁ።

«እርግጠኛ ነዎት እማማ?»

«አንድ አልኩሽ እኮ። ፊደል ባልቆጥርም አንድና አምስት አይምታቱብኝም።»

ትጽፋለች። የሥነ ልቦና ተማሪ ናት፤ ከልጆቻቸው ጋር ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሽማግሌና አሮጊቶች ሆዳቸው ውስጥ ምን እንዳለ ታጠናለች። በቁጥር የሚመለሰው ጥያቄ ሃያ ነው። ሃያው ሲያልቅ ወረቀቷን ዘግታ አንዲት ትንሽ የድምፅ መቅጃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች።

«ሁለተኛው ክፍል ጨዋታ ነው፤» ትላለች ወደ ምራቴ ዞራ። «ይቅርታ እህቴ፣ እዚህ ላይ እማማና እኔ ብቻችንን መሆን አለብን። የጥናቱ ደንብ ነው።»

«እንዲያውም ልጆቹን ከትምህርት ቤት የማመጣበት ሰዓት ደርሷል።»

ምራቴ ቦርሳዋን አንስታ ትወጣለች። በሩ ይዘጋል። ከዚያ ቁልፉ ከውጭ ይዞራል፤ አንዴ፣ ሁለቴ።

ልጅቷ መቅጃዋን ስትነካካ አልሰማችም። እኔ ሰምቻለሁ።

«ቁጥሩ ምን ያህል እንደሆነ ይነግረኛል እንጂ እንዴት እንደሆነ አይነግረኝም፤» ትላለች። «ለዚህ ነው ሁለቱንም የምይዘው። እስቲ ውሎዎን ያጫውቱኝ።»

«ውሎ አላት ብለሽ ነው? ሁሉም በጠዋት ውልቅ ይላሉ። እኔ እዚህ መስኮቱ ጋ እጎለታለሁ። ታች አንዲት ሴትዮ ልብስ ታሰጣለች። ያላትን ልብስ ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። የሰማያዊ ቀሚሷ ኪስ ከተገነጠለ ወር አልፎታል። ምን ያለችው ዝርክርክ ናት! ወርጄ ልሰፋላት እጄን ይበላኛል።»

«ታዲያ ለምን አይወርዱም?»

«አምና ወርጄ ነበር። ፎቁ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት፤ የሰው በር ስደበድብ ዋልኩልሽ። ልጄ ሲያገኘኝ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው። በማግስቱ ይሄን ቁልፍ አስገጠመ። ‹ለአንቺ ብዬ ነው እማዬ› አለኝ። እውነቱን ነው፣ ለእኔ ብሎ ነው። ታዲያ ማንን ልርገም? ለክፋት ቢሆን እኮ ምላስ ነበረኝ።»

እስክሪብቶዋ ይቆማል። ወረቀቷን ወደ ኋላ ትገልጣለች።

«እማማ፣ አሥራ ሰባተኛው ላይ አንድ ነው ያሉኝ። አሁን የነገሩኝ ግን አንድ አይመስልም።»

«እንዳትሰርዢው! ምራቴ ሰምታለች፣ ለልጄ ትነግረዋለች። እሱ በዚያች አንድ ነው እንቅልፍ የሚወስደው።»

«አልሰርዘውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። እንዲያውም ያልተስማሙበት ቦታ ነው የሚፈለገው፤ አስተማሪዬ ደስ ይለዋል።»

«እሰይ! ለአንድ ሰው እንኳ ደስታ ከተረፈ።»

ትስቃለች። ሰዓቷን አይታ እቃዋን ትሰበስባለች፤ አሥር ሰዓት ላይ ሌላ አሮጊት ቀጥራለች። ጉንጬን ስማኝ ወደ በሩ ትሄዳለች። እጀታውን ትጫነዋለች። ደግማ ትጫነዋለች። በትከሻዋ ገፋ ታደርገዋለች።

«እማማ፣ ይሄ በር እንዴት ነው የሚከፈተው?»

«ከውጭ።»

አሁንም ትስቃለች። ከዚያ መሳቋን ታቆማለች።

«ቁልፍ የለዎትም?»

«ቢኖረኝ እዚህ አታገኚኝም ነበር፤ ታች ኪስ ስሰፋ ነበርኩ።»

ስልኳን አውጥታ ትደውላለች። የምራቴ ጩኸት እኔ ጋ ድረስ ይሰማል፦ «ውይ በሞትኩት! እጄ ለምዶ እኮ ነው! ልጆቹን ይዤ መጣሁ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ታገሺኝ!»

«አንድ ሰዓት ብቻ፤» ትለኛለች ልጅቷ፤ እንዳልሰማሁ ሁሉ።

ክፍሉን ትዞረዋለች። አራት እርምጃ ሄዳ አራት ትመለሳለች። ከዚያ እንደገና በሩ ጋ ሄዳ እጀታውን ቀስ ብላ ትጫነዋለች፤ እንደማይከፈት እያወቀች። እኔም የመጀመሪያው ሰሞን እንዲሁ ነበርኩ።

«ነይ ልጄ፤» እላታለሁ። ወንበሬን ገፋ አድርጌ መስኮቱ ጋ ቦታ እለቅላታለሁ።

ትመጣለች። ግንባሯን መስታወቱ ላይ ታስደግፋለች። ብዙ ትቆያለች። ታች ሴትዮዋ ልብሷን ከገመዱ ላይ መሰብሰብ ጀምራለች።

«ሰማያዊዋ የቷ ናት?» ትለኛለች።

ጣቴን መስታወቱ ላይ አኖራለሁ። ኪሷ ዛሬም አልተሰፋም።