የመስቀሉ አንገት

ቄስ አድማሱ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን የእጅ መስቀል አቅፈው አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ባለቤቴ አወቀ ወናፉን ትቶ ቆሟል። እኔ በራፉ ላይ የሸክላ ድስት ከንፈር እያለሰለስሁ ጆሮዬን ወደ ውስጥ ጥያለሁ።

ከመንገዱ ማዶ የደብረ ታቦሩ አውቶቡስ ጡሩምባውን ይነፋል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ኢስራ ይዛ የመጣችው ወሬ ካላረካቸው ቄሱ መስቀሉን ይዘው በዚያ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ አዲስ አበባ ለሚገኝ በያጅ ሊሰጡት ነው።

መስቀሉ ለጥምቀት አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። አወቀ ልጠግነው ብሎ ለመነ። አገሩ ግን «ከኢየሩሳሌም የመጣ ብረት ነው፤ የቀጥቃጭ እጅ እንዴት ተደርጎ ይነካዋል» አለ። ያው አገር ማረሻውን የሚያሠራው ከአወቀ ዘንድ ነው። እህሉን ሲበላ የማን እጅ እንደነካው ትዝ አይለውም። አወቀ ወደ ወናፉ ተመለሰ፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል።

ኢስራ የጨርቅ ነጋዴው የሰዲቅ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ ተምራ፣ እዚያው አስተማሪ ሆና ቀርታለች። ከስንጥቁ አፍ ሰሊጥ የምታክል ቅንጣት እንድትወስድ የፈቀዱላት ቄሱ ራሳቸው ናቸው። ከደጃችን ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ለቅማ በከረጢት ስትቋጥር ስቄባታለሁ። ድንጋዩ የብረት አር ነው፤ ከኋላችን ባለው ጉብታ ላይ ጥንት አፈር እያቀለጡ ብረት ያወጡ የነበሩ ሰዎች የጣሉት ዝቃጭ። ስሙ ራሱ ክብር እንደሌለው ይናገራል። እኛም ክረምት በመጣ ቁጥር ከበራፋችን እስከ መንገዱ ጭቃው ላይ እንደፋዋለን፤ የመጣ ሰው ሁሉ ረግጦት ይገባል።

«እስቲ ይሄን እዩልኝ» ትላለች ኢስራ ስልኳን እያወጣች። «ያቺ ቅንጣት ናት፣ በጣም ጎልታ። ነጩ ብረቱ ነው። መሀል መሀሉ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ደግሞ አር ነው። ሲቀጠቀጥ ሳይወጣ ውስጡ የቀረ።»

አወቀ አየት ያደርግና ፊቱ ይጠቁራል።

«እንግዲያ ብረቱ አልጠራም» ይላል ቀስ ብሎ። «የተሰነጠቀውም በዚያ ነው። የሠራው ሰው መቀጥቀጡን ሳይጨርስ ተወው።»

በቀጥቃጭ ቤት ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ሰውየው ማን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ አወቀ አፍሮለታል።

«አያ አወቀ፣ እርስዎ ነውር ያሉት እኮ ነው የነገረን» ትላለች ኢስራ። «ብረቱ ሙሉ በሙሉ ቢጠራ የየት አገር እንደሆነ በእኔ ዘዴ አላውቀውም ነበር። አሩ ነው የወጣበትን አፈር ይዞ የሚቀረው። ሰውየው አንድ ሳያስቀር አጥርቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባዶ እጄን ነበር የምመጣው።»

«እና ምን አለ?» ይላሉ ቄሱ።

«ውስጡ ቲታኒየም የሚባል ነገር በዝቶበታል፤ ከእነ አያ አወቀ ደጅ የለቀምሁት አርም እንደዚያው ነው። ሌላውንም ሁሉ እየለካሁ አስተያየሁት፣ ገጠመ። ከኢየሩሳሌምና ከግብፅ በኩል ተለክቶ ከታተመው ጋር ግን አይቀራረብም።»

«ቁርጥ ነው?»

«አባ፣ በእኛ ሙያ ደፍረን የምንናገረው ‹አይደለም› ለማለት ሲሆን ነው። ከማዶ ካስተያየሁት ብረት ወገን አይደለም። ከዚህ ነው እንዳልል የሚከለክለኝ ነገር ካለ ብዬ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ስፈልግ ከረምሁ። አላገኘሁም።»

ይህችን ልጅ ወደድኋት። ልታስደስተን ብላ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ከሰሊጥ ፍሬ ውስጥ የአገር ታሪክ ለቅማ አውጥታ፣ እንደ አባቷ ጨርቅ ሳታጎድል ለክታ ሰጠችን።

አወቀ ጠጋ ይላል። «ታዲያ... የእኛ ሰዎች ናቸው የሠሩት?»

ኢስራ ወደ ቄሱ ዞር ትላለች። ያንን ማሽኗ አይነግራትም።

ቄስ አድማሱ ጨርቁን ይፈታሉ። መስቀሉ ጥቁር ነው፤ በስንት ትውልድ ከንፈር ተስሞ ጠርዙ ልሟል። «ኢየሩሳሌም ያሉን አባቶቻችን ናቸው» ይላሉ። «ሊዋሹ ብለው አይመስለኝም። መልካም ነገር ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ መስሏቸው ነው። ግን እዚያ ጉብታ ላይ ከእናንተ ዘር ሌላ እሳት ያነደደ ሰው ነበር ሲባል ሰምቼ አላውቅም።»

አውቶቡሱ እንደገና ይጮኻል። ቄሱ ይነሣሉ፤ መስቀሉን ማረሻ በሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ በዝግታ ያጋድሙታል።

«ለመስቀል በዓል አድርስልኝ።»

አወቀ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል። ደግሞ ይጠርጋል። መስቀሉን ግን ገና አልነካውም።

«ልጄ፣» ይላል ወደ ኢስራ ዞሮ፣ «አንገቱን ሳግለው ያን አር ላውጣው?»

«ስንጥቁ ጋ ያለውን ያውጡት» ትላለች ኢስራ። «ሌላውን ይተዉልን።»

አውቶቡሱ ቄሱን ትቶ ይሄዳል። እሳቸው በአጠገቤ አልፈው ይወጡና ደጃፉ ላይ ቆም ይላሉ። ሲመጡ በዚያው ጥቁር ድንጋይ ላይ እየረገጡ ነበር የገቡት። አሁን ቁልቁል ያዩታል። የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ይይዙና፣ ድንጋዩን በስተቀኝ ትተው፣ በጭቃው ውስጥ ዳር ዳሩን ይሄዳሉ።