የጎረቤት ወተት

አልጋነሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና ቅሏን ከሩቅ ዘረጋች። «ለጎረቤቴ ልጅ ነው፤ የላሙ ተወዶባት።»

የግመል ወተት ሻጯ መይሙና እየቀዳች በሆዷ ሳቀች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ለከሳ ልጅ ሁሉ ወተት ያዛል፤ የቆቦ ላም ወተት ግን ከጓድ ካድሬዎቹ ቤት አያልፍም። ይቺም ክርስቲያን የግመል አልነካም እያለች በየገበያው ከች ትላለች፤ ሁልጊዜም ለጎረቤት!

አልጋነሽ ጀርባ ላይ የታዘለው ከሲታ ልጅ ቅሉን ሲያይ ለቅሶውን ትቶ ሁለት እጁን ሰደደ።

«ጎረቤትሽ ልጇን አሳዝላ ነው እንዴ ገበያ የምትልክሽ?»

አልጋነሽ መሬት መሬቱን አየች። መይሙና ከንፈሯን ገልብጣ ምርቃቱን በጣሳ ቀዳችላት። «እንቺ፣ ይሄን ራስሽ ጠጪው። የምታጠቢበት ጡት እንኳ የለሽም።»

አልጋነሽ ግራ ቀኟን ቃኝታ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። አፏን ጠርጋ፣ «ኤዲያ! ይከረፋል» አለችና ባዶውን ጣሳ እንዲደገምላት ዘረጋች።