ደጃፍ ላይ የወለቁ ጫማዎች

ቀልደኛው ተዋናይ በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያይ፣ ጓደኛው ልብስ ሰፊው ከመስጊዱ ሽማግሌዎች ጋር ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። የሚጫወተውን አዛውንት የቀዳው ከእሱ ነው፤ ልብስ ሰፊው ሁሌ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሰጋጆቹ ሲወጡ እንዳይቸገሩ ጫማቸውን ወደ ውጭ ያዞርላቸው ነበር። «ክርስቲያኑ አሾፈብን» ቢሉስ?

እንደፈራ ወጣ። መድረኩ ላይ የተደረደሩትን ጫማዎች አንድ በአንድ ማዞር ጀመረ። የሳቀ የለም። ከፊት ወንበር አንድ ሰው ተነሳ፤ የመድረኩ ጣውላ ሲንቋቋ ሰማ። ጓደኛው ነበር። ቀልደኛው ቀና ማለት ፈርቶ እንዳጎነበሰ ቀረ።

ልብስ ሰፊው ጫማውን አወለቀና ከረድፉ ጫፍ አስቀመጠው።

«በል የኔንም አዙርልኝ» አለው ቀስ ብሎ። «እስከ ዛሬ ያዞረልኝ የለም።»