ውሃ ልክ አይዋሽም

ኢንጂነሩ በመሥሪያ ቤቱ የእንጨት መኪና ውድድር ካላሸነፍኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። መኪኖቹ ሞተር የላቸውም፤ ቁልቁል ሲለቀቁ በገዛ ክብደታቸው ይሮጣሉ። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ ዘቅዘቅ ያለ መፈተኛ ጣውላ ሠርቶ፣ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ሕንፃ ባሠራበት ውሃ ልክ አስተካከለው። የውሃ ልኩ አረፋ «እኩል ነው» ብላ መሀል ላይ ቁጭ አለች። መኪናዋ ግን በለቀቃት ቁጥር ወደ ግራ ትሄዳለች። ጎማ ቀየረ። እንጨቱ ነው ብሎ ሌላ መኪና ጠረበ፤ እሷም የእህቷን መንገድ ተከተለች።

ይሄኔ ስልኩ ጮኸ። እሱ ባሠራው ሕንፃ የሚኖሩት ወይዘሮ አስካለች ናቸው።

«ልጄ፣ ወለሉ ዘሟል ብዬህ አልነበር? ዛሬም ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ሽንኩርቱ አረረብኝ።»

«እትዬ፣ እፊትዎ ለክቼ አሳየሁዎት እኮ! ውሃ ልክ አይዋሽም።»

እንዲህ እያለ ውሃ ልኩን ከጣውላው አንስቶ፣ ጫፍና ጫፉን አዙሮ መለሰው። ደህና ውሃ ልክ ቢያዞሩትም ያው ነው፤ የሱ አረፋ ግን ጥግ ድረስ ሸሸች። ላብ አጠመቀው።

በጣውላው ግራ ሥር የታጠፈ ካርቶን ሸጎጠና መኪናዋን ለቀቃት። ቀጥ ብላ ወረደች።

«አለህ ልጄ?»

«አለሁ እትዬ። ምድጃው ሥር ካርቶን ይሸጉጡበት።»