የተሳለሙት ወረቀት

ጽጌማርያም ለመመረቂያዋ የሠራችውን ወረቀት ይዛ ላሊበላ፣ አክስቷ ቤት የመጣችው በ2008 ዓ.ም. ጾመ ፍልሰታ ነበር። ወረቀቱ ከወርቅ የተቀመመ ዱቄት ተቀብቷል። በልዩ መብራት ሲያዩት ሰማያዊ ያበራል፤ የተጫኑት ቦታ ቢጫ ይሆናል፤ ኬሚካል ሲያንጠባጥቡበት ወደ ሰማያዊው ይመለሳል። ሰኞ ለፈታኞቿ የምታሳየው እሱን ብቻ ነው።

በቀትር መስኮቱን በጋቢ ጋርዳ መብራቱን ለአክስቷ አበራችላቸው።

«ወርቅ ነው አልሽኝ?» አሉ እትዬ ውባንቺ። እንደ ቤተ ክርስቲያን መቃን ጎንበስ ብለው ተሳለሙት። ቢጫ ከንፈር ታተመበት።

«ምነው እትዬ! ምራቅዎ ነካው እኮ!»

«ደሞ የኔ ምራቅ ቀፈፈሽ? አኝኬ እያጎረስሁ ያሳደግሁሽ!» እየሳቁ ወጡ።

ጽጌማርያም ፊቷን አጨማዳ ኬሚካሉን ጠብ አደረገችበት። ከንፈሩ ጠፋ። እፎይ ሳትል እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ከንፈር ታተመ። እሱን ስታጠፋ ከጎኑ ሰፊ አፍ፣ ቀጥሎ ድድ ብቻ የቀረው አፍ፣ ቀጥሎ የሕፃን አፍ ታተመ፤ ወረፋ የያዙ ይመስል አንዱ ሲነሣ ሌላው ያርፋል። የከረመ ምራቅ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። አክስቷ ደጅ ዶሮ ሲያባርሩ ይሰማታል።

ኬሚካሉ አለቀ። ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ቦታ አልቀረም።

ያኔ መብራቱን የያዘችበት እጇ ላይ ለብ ያለ፣ እርጥብ ከንፈር አረፈ።